የአየርላንዱ የኒውግሬንጅ መቃብርና የአያቴ ማሳ ዳር ያለው የድንጋይ ክምር፤ አፈ ታሪክ ስንት ሺህ ዓመት ይዘልቃል?

የመንዟ ልጅ፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ሲሆን አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአያቴ ማሳ ዳር ሣር የበቀለበት ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የማን እንደሆነ በጠየቅናት ቁጥር «ከእኛ በፊት የነበሩ፣ ማተብ የማያውቁ ሰዎች መኝታ ነው» ትለን ነበር። በሬ ጠምዶ ወደዚያ መጠጋትም ሆነ ከክምሩ ድንጋይ አንሥቶ ለካብ ማዋል በቤታችን እንደ ነውር የሚታይ፣ ከነውርም አልፎ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ባለፈው መስከረም ለመስቀል አገር ቤት ስገባ የሰፈሩ ጎረምሶች የክምሩን አንዱን ጎን መናድ ጀምረው አገኘኋቸው። ምክንያታቸውን ብጠይቅ «ከሥሩ ወርቅ እንዳለ ሲነገር ኖሯል፤ አባቶቻችን ፈርተው የተዉትን እኛ ለምን እንተወዋለን?» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አየርላንድ ስለሚገኘው ኒውግሬንጅ ስለተባለው ጥንታዊ የድንጋይ መቃብር አነበብሁ። በእ.ኤ.አ. 2020 የወጣ የዘረመል ጥናት እዚያ ከተገኙት ሰዎች የአንዱ ወላጆች እጅግ የቅርብ የሥጋ ዘመዳሞች እንደነበሩ አሳይቷል፤ በአካባቢው ደግሞ ገና በመካከለኛው ዘመን የተጻፈ፣ ከእኅቱ ጋር ስለተኛ ንጉሥ የሚናገር ተረት አለ። እንግዲህ ተረት አራት ሺህ ዓመት ተሻግሮ እውነት ሊያደርስ የሚችል ከሆነ የአያቴን ቃል እንደ ታሪክ ልቀበለው ይገባኛል ማለት ነው። ነገር ግን ስለ ወርቁ የሚነገረውም ከዚያው ከሰፈራችን አፍ የወጣ ነው። አንዱን ተቀብዬ ሌላውን የምጥለው በምን መለኪያ ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ታላቅ ውለታ ይሆንልኛል።

ዘአንኮበር፦

እኅቴ፣ ጥያቄዎ ከልብ የመጣ ስለሆነ እኔም ረዘም አድርጌ ልመልስ። በመጀመሪያ ስለ ቦታው ልናገር፤ ተረቱ ከድንጋዩ ተነጥሎ አይገባምና።

ኒውግሬንጅ የሚገኘው በምሥራቅ አየርላንድ፣ ሚዝ በሚባለው አውራጃ፣ የቦይን ወንዝ ከሚታጠፍበት ቦታ በላይ ባለ ጉብታ ላይ ነው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ስለሆነ ከጊዛው ትልቅ ፒራሚድ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ክምሩ ከዳር እስከ ዳር 85 ሜትር ያህል ሲሆን ግርጌውን 97 ታላላቅ ድንጋዮች ዙሪያውን አቅፈውታል፤ በበሩ ፊት ያለው ድንጋይ በተጠቀለሉ መስመሮች ተቀርጾ ያጌጠ ነው። በበሩ ሲገባ 19 ሜትር የሚሆን ጠባብ መተላለፊያ ሦስት ጓዳ ወዳለው ክፍል ያደርሳል። የክፍሉ ጣሪያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ፣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ወደ መሐል እየጠበበ፣ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ እስከ 6 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘጋ ነው፤ አምስት ሺህ ዓመት ዝናብ ወርዶበት ዛሬም ውስጡ ደረቅ ነው።

ከበሩ በላይ አንድ ትንሽ መስኮት መሰል ክፍተት አለ። በዓመቱ አጭር በሆኑት ቀናት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 10 እስከ 14 ባሉት ጧቶች፣ ፀሐይ ስትወጣ ጨረሯ በዚያ ክፍተት ገብቶ መተላለፊያውን አልፎ የክፍሉን ወለል ለ17 ደቂቃ ያህል ያበራል። እኛ ሸዋ ላይ ቀኑ በታኅሣሥም በሰኔም ያን ያህል ስለማይለያይ የነገሩ ክብደት ቶሎ ላይሰማን ይችላል። በዚያ አገር ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አነጋገር ከጧቱ 3 ሰዓት አካባቢ ሲሆን ከ8 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ታይታ ትጠልቃለች፤ ፀሐይ ከዚያ ወዲያ እንዳትርቅ የሚለምን ሰው እንዲህ ያለ ቤት ለሙታኑ ቢሠራ አይደንቅም።

አሁን ወደ ተረቱ። መነኮሳት በመካከለኛው ዘመን በአየርላንድኛ በጻፏቸው መጻሕፍት ቦታው የአማልክት አዳራሽ ነው። ዳግዳ የተባለው ታላቅ አምላክ ቦአን የተባለችውን የኤልክማርን ሚስት ይወድዳል፤ ቦአን ማለት የቦይን ወንዝ ራሷ ናት። ዳግዳ ባልየውን መልእክት ልኮ በጥበቡ ዘጠኙን ወር እንደ አንድ ቀን ያሳልፍበታል። ኤልክማር አንድ ቀን የቆየ መስሎት ሲመለስ ኤንገስ የተባለ ልጅ ተፀንሶ ተወልዷል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ የዓመቱ አጭር ቀን ፀሐይ በምትገባበት መቃብር ላይ የተነገረው ተረት ስለ ፀሐይና ስለ ጊዜ መቆም ነው።

እርስዎ የጠቀሱት ተረት ደግሞ ዳውዝ ስለሚባለው ጎረቤት መቃብር ነው። ብሬሳል የተባለ ንጉሥ በዘመኑ የከብት እልቂት ሆኖ አንድ ኮርማና ሰባት ላም ብቻ ይቀራሉ። ንጉሡ የአየርላንድን ወንዶች ሰብስቦ፣ እንደ ናምሩድ ግንብ፣ እስከ ሰማይ የሚደርስ ግንብ በአንድ ቀን እንዲሠሩለት ያዛል። እኅቱም ሥራው እስኪፈጸም ቀኑ እንዳይመሽ በአስማት ፀሐይን ታቆማለች። ንጉሡ ግን ከእኅቱ ጋር ኃጢአት ሲሠራ አስማቱ ይፈርሳል፤ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ሠራተኞቹም ይበተናሉ፤ ቦታውም «ጨለማ» ተባለ ይላል። የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በኒውግሬንጅ ክፍል ውስጥ የተገኘ የአንድ ወንድ አጥንት መርምረው ወላጆቹ ወንድምና እኅት ወይም ወላጅና ልጅ እንደነበሩ ሲያገኙ ይህን ተረት ያነሡት ስለዚህ ነው። እኔ ይህን በአጋጣሚ ብቻ ለማለፍ ይከብደኛል።

ሌላም ልጨምር። ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ ከእ.ኤ.አ. 1962 እስከ 1975 ኒውግሬንጅን ሲቆፍሩ የአካባቢው ሰዎች «በጥንት ጊዜ ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ድንጋይ ድረስ ትገባ ነበር» ይሏቸው ነበር። የላይኛው ክፍተት ግን ተደፍኖ ስለኖረ ይህን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ክፍተቱ ከጸዳ በኋላ ኦኬሊ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1967 ብቻቸውን ውስጥ ተቀምጠው ብርሃኑ ሲገባ አዩ። ሕዝቡ ያላየውን ነገር ከየት አመጣው?

ቅኔ ቤት የዋለ፦

ልጄ፣ ዘአንኮበር ከጻፈው አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ኤንገስ ካደገ በኋላ ያን አዳራሽ ከኤልክማር እንዴት እንደ ወሰደው ተጽፏል። ሄዶ «ቀንና ሌሊት በቤትህ ልንገሥ» ብሎ ለመነው። ኤልክማር አንድ ቀንና አንድ ሌሊት መስሎት ፈቀደ። ቀኑ አልቆ ርስቱን ሲጠይቅ ግን ልጁ «ዓለም የምታልቀው በቀንና በሌሊት አይደለምን? ቀንና ሌሊት ብለህ ሰጥተኸኛል፤ እንግዲህ ለዘለዓለም የእኔ ነው» ብሎ አስቀረው። በሌላው ቅጂ የተታለለው አባቱ ዳግዳ ራሱ ነው።

ይህ ጨዋታ በእንግሊዝኛ ሲነገር ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ያ ቋንቋ «አንድ» የሚለውን ቃል ካልጨመረ አይሆንለትም። የጥንቱ አየርላንድኛ ግን እንደ አማርኛ «አንድ»ን ሳያስቀድም «ቀንና ሌሊት» ማለት ይችላል። እኛም «ቀንና ሌሊት ይሠራል» ስንል ዘወትር ማለታችን ነው፤ «ቀንና ሌሊት አደረ» ስንል ደግሞ በቁጥር አንድ ነው። ኅብረ ቃሉ ሳይነካ ወደ እኛ ቋንቋ ይገባል። ሰሙ የአንድ ቀን እንግድነት ነው፤ ወርቁ የዘለዓለም ርስት ነው። የእኛ ሊቃውንት ቢሰሙት ኖሮ ፈቺውን ቁጭ አድርገው ያስፈቱት ነበር።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ሰው ክስተትን ይረሳል፤ የንጉሥ ስም ይቀያይራል፤ በትክክል የታሰረ ቃል ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አይፈታም፤ አንዲት ፊደል ብትነሣ ትርጉሙ ስለሚፈርስ ሰሚው ራሱ ያርመዋልና። ስለዚህ አያትሽ ያሉትን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ቃሉን እንዳለ ለማስታወስ ሞክሪ። «መቃብር» ነው ያሉት ወይስ «መኝታ»? «የማያውቁ» ነው ወይስ «ያላሰሩ»? እንዲህ ያለው ልዩነት ሲናቅ ብዙ ነገር ይጠፋል።

አፈርና ድንጋይ፦

የቀደሙትን ሁለት ጽሑፎች በደስታ አነበብኋቸው፤ ነገር ግን በዋናው ጉዳይ አልስማማም፤ አለመስማማቴንም በምክንያት ላስረዳ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ የብሬሳል ተረት በገዛ ቃሉ የናምሩድን ግንብ ይጠቅሳል። እንግዲህ ቢያንስ ያ ክፍል ክርስትና ወደ አየርላንድ ከገባ በኋላ ኦሪትን ካነበበ ሰው እጅ የወጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ጸሐፊዎች የእያንዳንዱን ቦታ ስም የሚያብራራ ታሪክ ማዘጋጀት የዕውቀት ሥራ አድርገው ያዩት ነበር፤ «ጨለማ» የሚባል ኮረብታ ካለ ለምን ጨለመ የሚለውን ማብራራት ግድ ነበር። ከዚህም በላይ ተረቱ የዳውዝ ነው፣ አጥንቱ ግን የኒውግሬንጅ ነው፤ ቅርብ ለቅርብ ቢሆኑም ሁለት የተለያዩ መቃብሮች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ተረቱን የተናገሩት ሰዎች ድንጋዩን የካቡት ሰዎች ልጆች ናቸው ብለን እንዳንቸኩል የዘረመል ጥናት ራሱ ያስጠነቅቀናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 ዓመት ወዲህ ወደ አየርላንድ ከአውሮፓ ምድር አዲስ ሕዝብ ገብቶ የነባሩን የዘር ሐረግ አብዛኛውን ክፍል ተክቶታል። ተረቱ የተነገረበት ቋንቋም ከመቃብሩ በኋላ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ስብራት ባለበት አገር አንድ የቤተ መንግሥት ምሥጢር ከአፍ ወደ አፍ አራት ሺህ ዓመት ተጓዘ ማለት ለእኔ ከአጋጣሚ ይልቅ ለማመን የሚከብድ ነው። የአጥንቱ ባለቤት «የንጉሥ ቤተሰብ ነበር» የሚለው የትሪኒቲ ተመራማሪዎች ድምዳሜም ቢሆን በእ.ኤ.አ. 2025 አንቲክዊቲ በተባለው የሥነ ቅርስ መጽሔት ላይ በሌሎች ምሁራን ተተችቷል፤ መከራከሪያቸውም በአንድ የራስ ቅል ስባሪ ላይ ሥርወ መንግሥት አይገነባም የሚል ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ፀሐዩ ብርሃን የተነገረውን ኦኬሊ ራሳቸው በመጀመሪያ የተረዱት ሰዎቹ በእንግሊዝ አገር ካለው የጥንት ድንጋዮች ክበብ ከስቶንሄንጅ ጋር አቀላቅለውት ይሆናል በሚል ነበር። ለማንኛውም ያ ወሬ በብርሃኑ ከተረጋገጠ ትልቅ ነገር ነው፤ እርሱን አልክድም። ነገር ግን የተረጋገጠው ስለ ቦታው የተነገረው እንጂ ስለ ሰዎቹ የተነገረው አለመሆኑን ልብ እንበል።

ከራሳችንም ምሳሌ ላንሣ። በጉራጌ ሶዶ የሚገኙትን የጢያን ትክል ድንጋዮች ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። የግራኝ፣ ማለት የኢማም አሕመድ፣ ዘመቻ ከእ.ኤ.አ. 1529 እስከ 1543 ነበር፤ ድንጋዮቹ ግን ከእርሱ ዘመን በፊት የቆሙ ናቸው። ሰው በሩቅ የሚያስታውሰው ታላቅ ስም ሲያገኝ ያልታወቀውን ሥራ ሁሉ በእርሱ ላይ ይጭናል። በአንጻሩ የደብረ ብርሃን ስም በሰማይ ከታየው ብርሃን የመጣ መሆኑን የምናምነው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃኑን አይተው ቤተ ክርስቲያን ማሠራታቸው በዜና መዋዕላቸው ስለተጻፈ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም።

ዘአንኮበር፦

የአፈርና ድንጋይ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ስለ ናምሩድ የተባለውን እቀበላለሁ። ሆኖም «ስብራት ነበር» ማለት «ቦታው ተረሳ» ማለት አይደለም። በኒውግሬንጅ በር ፊት የሮማውያን ሳንቲሞችና የወርቅ ጌጦች ተገኝተዋል፤ መቃብሩ ከተሠራ ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ እንኳ ሰዎች እዚያ ድረስ መጥተው ውድ ነገራቸውን ያስቀምጡ ነበር ማለት ነው። ውስጡ ከተዘጋ ዘመናት ያለፉት ቢሆንም ክብሩ አልተቋረጠም።

በኮርክ አውራጃ ደግሞ ላባካሊ የሚባል ሌላ መቃብር አለ፤ ትርጉሙ «የአሮጊቷ አልጋ» ነው። በእ.ኤ.አ. 1934 ሲቆፈር በውስጠኛው ክፍል ራስ የሌለው የሴት አጽም ተገኘ። ስሙ ከቁፋሮው በፊት የነበረ ነው።

አፈርና ድንጋይ፦

ስሙ ከቁፋሮው በፊት እንደነበረ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአየርላንድ «አሮጊቷ» የማትገኝበት ድንጋይ ጥቂት ነው። ሎክሩ የሚባሉት መቃብሮች ያሉበት ተራራ «የአሮጊቷ ተራራ» ይባላል፤ ድንጋዩን ከሽርጧ አፍስሳ ስትሄድ የፈጠረችው እርሷ ናት ይባላል። ብዙ ቦታ አሮጊት ተብሎ ከተሰየመ ከአንዱ ሴት ብትወጣ ስሙ አጽሟን አስታውሶ ነበር ለማለት አይበቃም።

ካብ ጠባቂ፦

እኔ የምሠራው ከቅርስ ጋር በተያያዘ ሥራ ስለሆነ የተነሣው ክርክር ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ጎረምሶቹ መናድ ከጀመሩ መስከረም አልፏልና አስቸኳዩን ላስቀድም።

እኅታችን፣ በመንዝና በአካባቢው እንደ እርስዎ ማሳ ዳር ያሉ የድንጋይ ክምሮች በሥነ ቅርስ ባለሙያዎች ተጠንተዋል። መሻለ ማርያም አካባቢ በተደረገው ቁፋሮ የተገኙት መቃብሮች በዚያው አገር ባለ ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» ተብለው ይጠራሉ። ዘመናቸው ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን የተቀበሩት ሰዎች በክርስቲያንም ሆነ በእስላም ሥርዓት አልተቀበሩም፤ ከእነርሱ ጋር ዶቃ፣ ጌጣጌጥና የሸክላ ዕቃ አብሮ ይቀበር ነበር። የእርስዎ ክምር የዚህ ወገን መሆኑን ሳላየው አልመሰክርም። ነገር ግን አያትዎ «ከእኛ በፊት የነበሩ፣ ማተብ የማያውቁ» ያሉት ቃል ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ርቀቱም አራት ሺህ ሳይሆን ከሰባት መቶ እስከ አንድ ሺህ ዓመት ነው። የአያትዎን ቃል ለመቀበል አየርላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ስለ መለኪያው ለጠየቁት የእኔ መልስ ይህ ነው። አንድ ተረት ሰዎች ለዘመናት ያደረጉትን ወይም የከለከሉትን ነገር ሲያስረዳ አምነዋለሁ፤ ማንም ከፍቶ ያላየውን ሲተርክ አላምነውም። አያትዎ ማረሻ ከክምሩ ማራቃቸው በተግባር የኖረ ነገር ነው። ወርቁን ግን ማንም አላየውም። ኒውግሬንጅም በተሠራበት ዘመን በአየርላንድ ብረታ ብረት ገና አልታወቀም ነበርና ከውስጡ የወጣው የተቃጠለ አጥንት፣ የአጥንት መርፌ፣ የድንጋይ ዶቃና ተንጠልጣይ ጌጥ ነው። ዘአንኮበር የጠቀሱት ወርቅ በኋላ ሰዎች ከውጭ ያመጡት ስጦታ ነው እንጂ የመቃብሩ አይደለም።

ስለ ላባካሊም ዘአንኮበር ያልጠቀሱት ሌላ ተረት አለ፤ አራት ሰዎች ወርቅ ፍለጋ በሌሊት ሊቆፍሩት ሲሄዱ ከጭራዋ እሳት የሚፈነጥቅ ድመት ታየቻቸው፤ ደንግጠው ሲሸሹ አንዱ ወንዝ ውስጥ ሰጠመ ይባላል። ድመቷ አልነበረችም እንበል። በአየርላንድ ገበሬዎች ከኮረብታዎቹ ሥር የማይታዩ ሕዝቦች ይኖራሉ ብለው ስለሚፈሩ ብዙ ክምር በማረሻ ሳይነካ ለዛሬ ደርሷል። ፍርሃቱ በላላበት ቦታ ግን እንዲህ አልሆነም፤ በእ.ኤ.አ. 1699 የኒውግሬንጅ ባለ ርስት ለሥራ የሚሆን ድንጋይ ከክምሩ ሲያስነሣ ነው በሩ የተገኘው፤ ዳውዝ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1847 ለምርምር ተብሎ ተቆፍሮ መሐሉ እንደ ሳህን ጎድጉዶ ቀርቷል። ያ ጉድጓድ እስከ ዛሬ አልሞላም።

አሁን ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። ያለ ፈቃድ መቆፈር በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ከማመልከቻው ጋር የተናደውን ጎን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሥተው ያያይዙ። የወደቀውን ድንጋይ ለማስተካከል ብለው አይመልሱት፤ እንደ ወደቀ ይቆይ፤ አወዳደቁ ራሱ ለባለሙያ ይናገራልና። ከጎረምሶቹ ጋር ሲነጋገሩም ሰድበው ሳይሆን ዶቃና ሸክላ ከተቀበሩበት ቦታ ከወጡ በኋላ የማንን፣ የመቼን እንደማይናገሩ አሳይተው ያስረዷቸው።

የመንዟ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፎቶውን አንሥቼ ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት አስገባለሁ፤ ከጎረምሶቹ አንዱ የአክስቴ ልጅ ስለሆነ በእርሱ በኩል እጀምራለሁ።

ቅኔ ቤት የዋሉ አባታችን የጠየቁኝን ደግሞ ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። አያቴ ያለችው «መኝታ» ነው፤ «መቃብር» ብላ አታውቅም። «የማያውቁ» ወይስ «ያላሰሩ» የሚለውን ግን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልቻልሁም። የአያቴ ታናሽ እኅት በሕይወት አለች፤ ለገና ስገባ ቀድሜ ቃል ሳላስገባባት፣ እንዲሁ «ያ ክምር ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄ የምትለኝን ቃል በቃል ጽፌ እዚሁ አመጣለሁ።